ከፒኤች ጀርባ ያለው ቁጥር

የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ፒኤች ሰምቷል። ከ0 እስከ 14 የሚሄድ መለኪያ ነው፤ 7 መሐል፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። አንድ ደረጃ አሥር እጥፍ ስለሆነ ከ7 ወደ 6 መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። መለኪያውን በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን፣ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ እኛ ዓሣ አርቢዎች ለቢራ ውለታ አለብን። ስለ ፒኤች ይህ ይበቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሌላው ቁጥር ነው፦ ኬኤች። በውኃው ውስጥ ምን ያህል ባይካርቦኔትና ካርቦኔት እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው። አሲድ ሲመጣ ባይካርቦኔት ይቀበለውና ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ጋዙ በውኃው ገጽ ይወጣል፣ ፒኤቹም እምብዛም ሳይነቃነቅ ይቆያል። ኬኤች ጎተራው፣ ፒኤች መሶቡ ነው። ጎተራው ውስጥ እህል እስካለ ድረስ መሶቡ ሁሌም ሙሉ ሆኖ ይቀርባል፤ መሶቡን ብቻ የሚያይ እንግዳ ጎተራው እየተሟጠጠ መሆኑን በምን ያውቃል?

ለመለካት ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ የገንዳውን ውኃ አድርጎ መለኪያውን ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። በአብዛኞቹ መለኪያዎች ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ እስኪዞር የገባው እያንዳንዱ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ ማለት በሊትር 17.9 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚያህል ነው። የተለያዩ ዓሦች ለሚኖሩበት ተራ ገንዳ እኔ ከ4 በታች ሲሆን ደስ አይለኝም።

ጎተራውን የሚበላው ራሱ ገንዳው ነው። ዓሣ የሚያስወጣውን አሞኒያ ፊልተር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሥራቸው ግን አሲድ ይወልዳል፦ 1 ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጂን በተለወጠ ቁጥር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ካርቦኔት የሚያህል ከኬኤቹ ይቀነሳል። በየሳምንቱ ከውኃው ከፊሉን የሚቀይር ሰው የጎደለውን ይተካል። የተነነውን ብቻ እየሞላ «ውኃዬ እንደ መስታወት ጠርቷል» የሚል ሰው ግን አይተካም። ጥራትና ጤና ለየቅል ናቸው፤ አሲዳማ ውኃም ይጠራል።

ኬኤቹ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፒኤች የሚይዘው ያጣና በጥቂት ቀናት ከ6 በታች ሊወርድ ይችላል። ባክቴሪያዎቹም ይደክማሉ፤ አሞኒያ ይጠራቀማል። የሚገርመው ዓሦቹ ይደነዝዛሉ እንጂ ወዲያው አይሞቱም፤ ምክንያቱም አሲዳማ ውኃ ውስጥ አሞኒያ ከሞላ ጎደል በሙሉ አሞኒየም ሆኖ፣ ማለትም ብዙም በማይጎዳ መልኩ ይቀመጣል። ውኃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከመቶ 0.5 ገደማ ነው፤ በ8 ላይ ከመቶ 5 ይደርሳል። አሁን ባለቤቱ ይነቃል፣ ይደነግጣል፣ ግማሹን ውኃ ደፍቶ ፒኤቹ 8 በሆነ የቧንቧ ውኃ ይሞላዋል። ሲጠራቀም የከረመው ሁሉ በአንዴ መርዝነቱ ይነሳል። አንድ የካፌ ባለቤት ይህ ደርሶበት «ንጹሕ ውኃ ደግሞ እንዴት ይገድላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አስረዳሁት። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ይህን የሸጠልኝ ሰው ለምን አልነገረኝም?» አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

(ኬንያ ውስጥ፣ ፒኤቹ 10 ገደማ በሆነው የማጋዲ ሐይቅ፣ አንድ ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ ይኖራል። እንዲያ ባለ ውኃ ውስጥ አሞኒያን ከገላ ማስወጣት ስለሚከብድ እንደ እኛው ዩሪያ ያስወጣል። የእናንተ ጋፒ ይህን አይችልም።)

እንዲህ የወደቀ ገንዳ ካጋጠማችሁ ምግቡን ቀንሱ፤ በቀን ከውኃው አንድ አሥረኛውን ብቻ እየቀየራችሁ አሞኒያውን ለኩ። ቤኪንግ ሶዳ የሚገባው አሞኒያው ከጠፋ በኋላ ነው። 6 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በ50 ሊትር ውኃ ውስጥ ኬኤችን 4 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ሩብ ማንኪያ፣ ሩብ ማንኪያ እያላችሁ በጥብጣችሁ ጨምሩ።

ፒኤች ዝቅ ያደርጋል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን አሲድ ግን ተዉት። ኬኤቹ 10 የሆነ ውኃ ላይ ስታፈሱት ፒኤች ይወርዳል፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ትጨምራላችሁ፣ ይመለሳል። መድኃኒቱ አልሠራም ትላላችሁ። ሠርቷል፤ ጎተራውን ሲያራግፍ ነበር። ባዶ ያደረገው ዕለት ቁጥሩ አይመለስም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃው ራሱ አንድ አይደለም። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው ከመሬት በላይ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን ድንጋይ ውስጥ የሰነበተ ስለሆነ ባይካርቦኔቱ ይበዛል። ቦቴ ያመጣው ከየት እንደተቀዳ ማን ያውቃል? ስለዚህ ምንጩ በተቀየረ ቁጥር ለኩ፤ ፒኤች ሲለካም ውኃው በባልዲ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ይሁን። የጉድጓድ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወጣ ከቧንቧ እንደተቀዳ ፒኤቹ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውኃ በዚህ በኩል ይሻላል።

ከወንዝ ዳር ለቅማችሁ የምታስገቡት ድንጋይም ኬኤች ይጨምራል ወይም አይጨምርም፤ መለያው አቼቶ ነው። ደረቁ ድንጋይ ላይ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ቀስ እያለ እየሟሟ ኬኤቹን ከፍ ያደርጋል። ለማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ተስማሚ ነው፤ ለዲስከስና ለስላሳ ውኃ ለለመዱት ቴትራዎች ግን ውጭ ይቅር።