ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያልገታው የፓፓያ በሽታ

በፓፓያ ልጣጭ ላይ ጥቃቅን ክቦች ሲታዩ ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል። ገበሬው ግን የሚያጣው ከዋጋም በላይ ነው። "ሪንግስፖት" የተባለው ቫይረስ የያዘው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይዥጎረጎራል፤ በቅጠሉ አገዳ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል መስመር ይወጣል፤ ፍሬውም ያንሳል። መድኃኒት የለውም። በችግኝነቱ የተያዘ ዛፍ ጨርሶ ላያፈራ ይችላል።

ቫይረሱ ገበያን ምን ያህል እንደሚያናጋ የአሜሪካዋ የሃዋይ ግዛት ታሪክ ያሳያል። በኦዋሁ ደሴት የነበረው የፓፓያ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በበሽታው ሲጠቃ፣ ምርቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሌላ ደሴት ወደሚገኘው ፑና ወረዳ ተዛወረ። ቆየት ብሎ በሽታው ከፑና 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው የሂሎ ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢዎች ተገኘ። የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከግቢ ግቢ እየዞሩ የታመመውን ዛፍ በማስቆረጥ ለዓመታት ገትተውት ቆዩ።

በግንቦት 1992 ግን ቫይረሱ በራሱ በፑና ታየ። በወቅቱ ከሃዋይ ፓፓያ 95 በመቶ ያህሉ የሚመረተው እዚያው ነበር።

ክትትሉን የሚያከብደው የበሽታው ጠባይ ነው። አስተላላፊው ክሽክሽ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ሲሆን ቫይረሱን ከታመመ ዛፍ ለመውሰድ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። ፀረ ተባይ ቢረጭም፣ ክሽክሹ ከመሞቱ በፊት ወደ ጤነኛው ዛፍ አስተላልፎት ያድራል። የተያዘው ዛፍ ደግሞ ለሳምንታት ጤነኛ ይመስላል። ተቆጣጣሪው ዛፉን በዓይኑ ለይቶ ሲያስቆርጥ፣ በሽታው ጎረቤት ማሳ ገብቷል። ቅጠልን በላቦራቶሪ መመርመር ጥርጣሬን ያጠራል፤ በየማሳው ያለውን ዛፍ ሁሉ እንዲህ መመርመር ግን ሌላ ወጪ ነው። ዛፉ እያፈራ ቁረጥ የሚባለው ገበሬም ልቡ በቀላሉ አይፈቅድም።

በ1994 መገባደጃ መሥሪያ ቤቱ በሽታው ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን አስታውቆ ማስቆረጡን አቆመ። በ1992 ወደ 240 ሺህ ኩንታል የነበረው የፑና ምርት በ1998 ወደ 118 ሺህ ኩንታል ወረደ።

መፍትሔው የመጣው አስቀድሞ ከተጀመረ ምርምር ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሃዋይ ተወላጁ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዴኒስ ጎንሳልቬስ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን የሚሠራ ዘረ መል ወደ ፓፓያ አስገብተው ዛፉ በሽታውን እንዲቋቋም አደረጉ። ከዚህ የተገኘው "ሬይንቦው" የተባለው ዝርያ ዘር በግንቦት 1998 ለገበሬዎች በነፃ ታደለ።

ማሳው ቢድንም ገበያው ወዲያው አልተመለሰም። ዋነኛዋ የውጭ ገዢ ጃፓን ዘረ መሉ የተለወጠውን ፓፓያ እስከ 2011 ድረስ አልፈቀደችም። ወደዚያ የሚልኩ አምራቾች ነባሩን ዝርያ ለብቻው መትከል፣ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉም ዛፎቻቸውን ማስመርመር ነበረባቸው።

የአዲሱ ዝርያ የመስክ ሙከራ በኦዋሁ የተጀመረው በሚያዝያ 1992 ነበር፤ በሽታው ፑና ከመታየቱ አንድ ወር አስቀድሞ። ዛፍ ሲያስቆርጡ የኖሩት ተቆጣጣሪዎች ለፑና ገበሬ ያተረፉለት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምርምሩ ባይጀመር ኖሮ፣ ገበሬው በ1994 የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም ነበር።