የትራክተር መገልበጥ አደጋና መከላከያው

በአርሲና በባሌ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች የራሱ ትራክተር የሌለው ገበሬም መሬቱን በኪራይ ማሳረስ ለምዷል። ሥራው ፈጣን መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሬና ትራክተር አንድ አይደሉም። በሬ ገደል አፋፍ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፤ ትራክተር ግን ነጂው ካላቆመው አይቆምም። ስለዚህ የማሳው ባለቤትም ሆነ የልማት ሠራተኛው፣ ትራክተር በምን ምክንያት እንደሚገለበጥ ማወቅ ይገባቸዋል።

ትራክተር በሁለት መንገድ ይገለበጣል። አንደኛው በጎን ነው። በተዳፋት ላይ አግድም ሲሄድ የታችኛው ጎማ ጉድጓድ ቢገባ ወይም የላይኛው ድንጋይ ላይ ቢወጣ ሚዛኑን ያጣል። በፍጥነት መታጠፍም ይገለብጠዋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና።

ሁለተኛው ወደ ኋላ ነው። የኋላ ጎማዎች በጭቃ ተይዘው መዞር ሲያቅታቸው፣ ሞተሩ ጎማውን በማዞር ፈንታ የትራክተሩን ፊት ወደ ላይ ያነሣል። ጉቶ ከመጎተቻው ከፍ ካለ ቦታ ታስሮ ሲጎተትም ይኸው ይደርሳል። ለመገልበጥ ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃው ነጂው ዘሎ ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም።

የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች አድርጉ፤

1ኛ/ ትራክተሩ ከመግባቱ በፊት ማሳውን በእግራችሁ ዙሩ። ሣር የሸፈነውን ጉድጓድና ጉቶ በእንጨት ምልክት አድርጉበት፤ ለነጂውም አሳዩት። ማሳውን ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

2ኛ/ ጎማው ከቦይና ከእርከን አፋፍ ይራቅ። ቦዩ 2 ሜትር ጥልቀት ካለው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ሲርስ ከዚህም ይበልጥ። የቀረውን ዳር በበሬ እረሱት።

3ኛ/ በጭቃ የተያዘ ትራክተር ወደ ፊት አይታገል። ጭቃውን ቆፍራችሁ ወደ ኋላ ይውጣ። ግንድ ከኋላ ጎማ ጋር ማሰር ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ/ በመንገድ ላይ ሁለቱ የፍሬን መርገጫዎች በአንድነት ይቆለፉ። በቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ እንጂ በዜሮ ማርሽ አይንደርደር።

5ኛ/ ከነጂው በቀር ሰው አይጫን። በተለይ ልጅ በፓራፋንጎ ላይ አይቀመጥ፤ የሚወድቀው ከኋላው ጎማ ሥር ነው።

ከነጂው በላይ የሚቆም የብረት መከላከያ ያለውን ትራክተር መከራየት ይመረጣል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ እንዲኖረው በሕግ ካዘዘች ወዲህ በመገልበጥ የሚሞቱት ነጂዎች እጅግ ቀንሰዋል። መከላከያው ካለ ነጂው ቀበቶውን ይታጠቅ፤ መከላከያው ከሌለ ግን ቀበቶ አይታጠቅ፣ ከትራክተሩ ጋር አስሮ ያስቀረዋልና።

አደጋ ቢደርስ በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጀርባው ወይም አንገቱ የተጎዳ ከመሰላችሁ አትጎትቱት፤ ብዙ ሆናችሁ ሳታጣምሙ በሳንቃ ላይ አንሥታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ዝናብ ሲያስገመግም ነጂውን «ይህችን ጥማድ ጨርስልኝ» ብሎ ማጣደፍ የተለመደ ነው። ያልታረሰ ጥማድ ነገ ይታረሳል፤ የሞተ ሰው ግን አይመለስም።