ከትንሽ ዘር ረጅም ጅረት፦ ኮምፒዩተር የዘፈቀደ ቁጥሮችን እንዴት ያመነጫል?

የእቁብ ዕጣ ሲወጣ አባላቱ ሁሉ የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ የሚወጣውን ስም ማንም አስቀድሞ እንዳያውቅ። ኮምፒዩተርም ተመሳሳይ ዕጣ ያለማቋረጥ ያወጣል። በኢንተርኔት ከባንክ ጋር ስንገናኝ መልእክታችንን የሚቆልፈው ቁልፍ ማንም ሊገምተው ከማይችል ቁጥር መሠራት አለበት። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ታዲያ ዕጣውን ከየት ያመጣዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተለመደው መፍትሔ በቀመር የሚመነጩ፣ ነገር ግን ዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮችን መጠቀም ነው። ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። አንድን ቁጥር በ5 እናባዛ፤ 3 እንደምርበት፤ ድምሩን ለ16 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ፤ በቀሪውም ላይ ስሌቱን እንድገም። ከ7 ብንነሣ 6፣ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12 እያልን እንቀጥላለን። መነሻው ቁጥር «ዘር» ይባላል። ውጤቱ ሥርዓት የሌለው ይመስላል፤ ልብ ብለን ስናየው ግን ተጋማሽና ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሳያዛንፉ ይፈራረቃሉ፤ ከ16 እርምጃ በኋላም ወደ 7 እንመለሳለን። ከሁሉም በላይ፣ ቀመሩን የሚያውቅ ሰው አንዱን ቁጥር ካየ ቀጣዩን ያውቃል። የዚህ ዓይነት ቀመር በትላልቅ ቁጥሮች ሲሠራ ለጨዋታ ሊበቃ ይችላል፤ ለምስጢር ግን አይበቃም።

እዚህ ላይ ስትሪም ሳይፈር የሚባለው የምስጠራ ስልት ይረዳናል። ይህ ስልት አጭር ምስጢራዊ ቁልፍ ተቀብሎ ረጅም የቢቶች ጅረት ያፈልቃል፤ መልእክቱም ከጅረቱ ጋር ቢት በቢት ተቀላቅሎ ይመሰጠራል። ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ጅረቱ ከእውነተኛ ዘፈቀደ የማይለይ መሆን አለበት። እንግዲያውስ መልእክቱን ትተን ጅረቱን ብቻ ብንወስድ የቁጥር አመንጪ አገኘን ማለት ነው፤ ቁልፉም ዘር ይሆናል።

ዳንኤል በርንስታይን በ2008 ያቀረበው ቻቻ20 ጥሩ ምሳሌ ነው። 256 ቢት ያለውን ቁልፍ፣ አንድ ቆጣሪና ሌሎች የተወሰኑ እሴቶችን በ16 ቦታዎች ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ቦታ 32 ቢት ይይዛል። ከዚያም በመደመር፣ ቢቶችን በማነጻጸርና በማሽከርከር 20 ዙር ያተራምሳቸዋል። በመጨረሻ የመነሻው ድርድር በውጤቱ ላይ ይደመራል፤ ይህም ስሌቱን ወደ ኋላ መልሶ ቁልፉን ለማግኘት የሚደረገውን ሙከራ ያከሽፋል። እንዲህ 64 ባይት ይገኛል። ቆጣሪው በ1 ሲጨምር ሌላ 64 ባይት ይወጣል።

ሁሉም ስትሪም ሳይፈር ግን እኩል አይታመንም። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት የቁጥር አመንጪውን በመጀመሪያ የመሠረተው ሮናልድ ሪቨስት በ1987 በነደፈው አርሲ4 ላይ ነበር። በ2001 ኢጽሐቅ ማንቲንና አዲ ሻሚር በአርሲ4 ጅረት ሁለተኛው ባይት ዜሮ የሚሆነው ከ256 አንድ ጊዜ ሳይሆን ከ128 አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑን አሳዩ። ኦፕንቢኤስዲ በኋላ ወደ ቻቻ20 ተዛወረ፤ የሊኑክስ ከርነልም በ2016 ይህንኑ ተቀበለ።

ያም ሆኖ ስልቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከዘሩ የበለጠ ምስጢር ሊሰጠን አይችልም። በ2006 ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት፣ የአንድ መፈተሻ ፕሮግራም ማስጠንቀቂያን ለማስወገድ ሲባል ከኦፕንኤስኤስኤል ጥቂት መስመሮች ተነሡ። ዘሩን የሚመግቡት ግን እነዚያው መስመሮች ነበሩ። የቀረው ተለዋዋጭ ነገር የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እርሱም ከ32,768 የበለጠ አማራጭ አልነበረውም። ያ አመንጪ የተሠራው በሌላ ስልት ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። ቁልፎቹ ለዓይን ፍጹም ዘፈቀደ ይመስሉ ነበር፤ አጥቂ ግን ሁሉንም አስቀድሞ አስልቶ ሊደረድራቸው ይችል ነበር። ስሕተቱ በግንቦት 2008 ይፋ ሲሆን በዚያ ጊዜ የተሠሩ ቁልፎች ሁሉ መለወጥ ነበረባቸው።

ስለዚህ ዘሩ ከቀመር ውጭ መምጣት አለበት፦ ከመሣሪያዎች ምልክት መድረሻ ጊዜ ጥቃቅን ልዩነት፣ ወይም ለዚሁ ከተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል። ስትሪም ሳይፈር ምስጢርን ያበዛል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም፤ የጅረቱ ጥራት የሚወሰነው በምንጩ ነው።