ከግጭ ወደ ደባርቅ፦ የከተማ ጎረቤት የሆነው የተራራ መንደር

የደባርቅ ከተማ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባህር ወለል በላይ 2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዳባት በኩል ሽቅብ የመጣ መንገደኛ ከተማዋን ጥቂት እንዳለፈ የወልቀፊት አፋፍና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይቀበሉታል። ወደ አዲአርቃይ ቆላና ወደ ሽሬ የሚያወርደው መንገድ ይኸው ነው። በስተምሥራቅ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል።

አፋፉን የያዘ ኃይል መንገዱንም ይይዛል። ጣሊያን በወልቀፊት ያሰፈረው ጦር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከአራት ወራት በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው በዚሁ ምክንያት ነበር። አካባቢው ከዚያም በፊት ቢሆን ለታሪክ እንግዳ አልነበረም። ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነስተው፣ ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በአጎራባቹ ጃናሞራ ነው።

የዛሬዋን ደባርቅ ለመረዳት ግን ከነገሥታቱ ይልቅ የአንድን መንደር ጉዞ መከተል ይበጃል። መንደሩ ግጭ ይባላል።

ግጭ በፓርኩ ውስጥ፣ ከደባርቅ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረ መንደር ነው። በአብዛኛው የእስልምና እምነት ተከታይ የሆኑት ነዋሪዎቹ በብርዳማው አምባ ገብስ ይዘሩ፣ በግ፣ ከብትና የጋማ ከብት ያረቡ ነበር። ጅብራ የሚበቅልበት ሰፊው የግጭ ሣር መሬት ግጦሻቸው ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ሰዎቹ ቀድመው በስፍራው ይኖሩ እንደነበር ልብ ማለት ተገቢ ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋታቸው እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት የሰውና የከብት ጫና መቀነስ ነበረበት። በመሆኑም 418 የግጭ አባወራዎች፣ በቁጥር 2 ሺህ 500 ያህል ሰዎች፣ ካሳ ተከፍሏቸው በደባርቅ ከተማ ዳርቻ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ዝውውሩ በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ለፓርኩ የተገኘው ውጤት ቀላል አይደለም። ሂሳቡ የተወራረደው ግን በከተማዋ ዳርቻ ነው። የገብስ ማሳና የተራራ ግጦሽ በካሳ ገንዘብ ሊተመኑ ቢችሉም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ከተማ አይወርዱም። በሬ ጠምዶ፣ በግ አግዶ የኖረ አባወራ ቤቱን በካሳው ከሠራ በኋላ በየዕለቱ እህልና ማገዶ በገንዘብ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ኑሮ ሙያ ያስፈልጋል፤ ሙያ ደግሞ ከመሬት ካሳ ጋር በአንድ ቀን የሚታደል ነገር አይደለም።

ሰፋሪዎቹ የደረሱበት ወቅትም ከተማዋ ራሷ መስፋት የጀመረችበት ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 20 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች የነበሯት ደባርቅ፣ ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞኖች ሲከፈል በስሙ የቀጠለው ዞን መቀመጫ ሆነች። በዚያው ሰሞን የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች ቦታ ፈለጉ፤ የዳርቻው መሬት ደግሞ የነባር ገበሬዎች ማሳ ነው። በመሆኑም ከአምባው የወረዱት ሰዎች የሰፈሩት ራሱ ገበሬው ይዞታው እየጠበበ በሚሄድበት ስፍራ ነው።

ለሰፋሪዎቹ ቅርብ የነበረው አማራጭ ቱሪዝም ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በደባርቅ በመሆኑ አስጎብኚ፣ የታጠቀ ጠባቂ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ የሚቀጠሩት ከዚሁ ከተማ ነው። ተራራውን እንደ ግጭ ሰው የሚያውቀው ደግሞ ጥቂት ነው። ይሁንና በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ አካባቢው ሲደርስ፣ ደባርቅና ዳባት ከአዲአርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ወገኖችን ተቀበሉ። በዚያን ወቅት የግጭ በቅሎ ነጂ ሻንጣ የሚጭንለት እንግዳ አላገኘም፤ ተመልሶ የሚዘራበት የገብስ ማሳም አልነበረውም።