መሸኘቱን እናውቅበታለን

አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ውስጥ «ውጭ ሄደች» የተባለች ሴት ወር ሳይሞላት የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከታየች ሰፈሩ ይጨነቃል። «ምነው፣ መለሷት እንዴ?» ይባላል። ከደቡብ ሱዳኗ ጁባ የተመለስኩ ሰሞን እኔንም ደረሰኝ። የምሠራበት ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ፣ እንደ እናቴ የማያቸው ጎረቤታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከወጣሽ አይቀር ምነው እዚያው ቀረት ብትዪ?» አሉኝ። ለወንጌል አገልግሎት ሄጄ ሥራው ሲያልቅ እንደተመለስኩ ባስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም። «አይ እናንተ ጴንጤዎች!» ብለው ኪኒናቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

አልፈርድባቸውም። በእኛ ሰፈር ውጭ መሄድ ማለት ቤሩት ነው፣ ዱባይ ነው፣ ሲቀናም አሜሪካ ነው፤ ዓመታት ቆይቶ ገንዘብ መላክ ነው። የዓመት ፈቃዱን ሠውቶ፣ ከኪሱ ከፍሎና ከምዕመናን አዋጥቶ ሄዶ ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመለስ ሰው በዚህ ስሌት አይገባም። «የአጭር ጊዜ ሚሽን» የምንለው ግን ይኸው ነው። ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ነርሷም፣ መምህሩም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም በቡድን ይሄዳሉ። ቋንቋ ተምሮ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጆቹን እዚያ ከሚያሳድገው ሚሽነሪ የሚለየን መመለሻችን ከመሄጃችን ጋር አብሮ መቆረጡ ነው። ስለ መሄዱ በየመድረኩ ይሰበካል። ስለ መመለሱ ሲነገር ግን ብዙም አልሰማሁም።

እዚህ አካባቢ ያደግን ሰዎች ነገሩን መጀመሪያ ያወቅነው በተቀባይነት ነው። ከአየር ጤና ወደ መሀል ከተማ ሲኬድ ዘነበወርቅ ይገኛል። እዚያ የነበረውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያሠራው እዚህ አገር በአሜሪካዊው ሐኪም በቶማስ ላምቢ ይመራ የነበረው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን፣ በአጭሩ ኤስ.አይ.ኤም. ነው። ሥፍራው ስሙን ያገኘው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል የተቋቋመውም በዚያው ነው። ልጆች ሆነን በክረምቱ የማይጠፉ ፈረንጆች ነበሩ። በሚኒባስ ይመጣሉ፣ መዝሙር ያስተምሩናል፣ ከረሜላ ያድላሉ፣ ፎቶ ያነሱናል፤ በሳምንቱ የሉም። አገራቸው ገብተው ስለ እኛ ምን ብለው እንዳወሩ አስቤ አላውቅም ነበር። ጁባ ላይ አንዲት ልጅ ስልኬን እያየች ለፎቶ ቀጥ ብላ ስትቆምልኝ ነው ያ ሁሉ ትዝ ያለኝ።

ጁባ ከቦሌ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው እንጂ ሰዉ ሩቅ አይደለም። ሐበሻ ነጋዴ በየገበያው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ካምፕ የኖሩ ደቡብ ሱዳናውያንም ብዙ ናቸው። መድኃኒት ከምናድልበት ጠረጴዛ ፊት ወረፋ የያዙ አንዲት እናት በአማርኛ «እናንተ ዘንድ ክረምቱ ገባ?» ሲሉኝ የያዝኩት ብልቃጥ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ልጅነታቸው ያለፈው ኢታንግ ነው። ለእሳቸው ስለ ኢትዮጵያ የምነግራቸው ብዙ አልነበረኝም፤ ቁጭ ብዬ ከእሳቸው የሰማሁት ይበልጣል። ከጉዞው ሁሉ ለሰው ላወራው የፈለግኩት ይህንን ነበር።

አላወራሁትም። በመጀመሪያው እሑድ ቡድናችን መድረክ ላይ ተጠራ፣ ማይክ ተሰጠን፣ ሰዓት ጠባቂው ወንድም ከፊት ወንበር አምስት ጣቱን አሳየን። ከፕሮግራሙ በኋላ በር ላይ የጠበቀን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ሰው ዳነ?» ቁጥሩን የነገርነው ሰው «ጌታ ይባረክ» ብሎ ወደ ሻዩ ይሄዳል። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ስለ እኛ ሲጸልዩ ከርመዋል፣ ፍሬውን መስማት ይፈልጋሉ። ችግሩ ቁጥር የሌለው ሰው ላይ ነው። ከቡድናችን አንዱ ወጣት ቆይታውን ያሳለፈው የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ነው፣ ፓምፑም ዞሮ ዞሮ አልሠራም። እሱ መድረክ ላይ ምን ይበል?

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ግን የመመለስ ታሪክ አያጣም። የሐዋርያት ሥራ 14 ላይ ጳውሎስና በርናባስ ወደ ላካቸው ማኅበር ወደ አንጾኪያ ተመልሰው ምዕመናኑን ሰብስበው ሁሉንም ይተርካሉ፤ ከዚያም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይቀመጣሉ። እኔን የሚገርመኝ ይህ መቀመጡ ነው። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ሰባዎቹ አጋንንት ተገዙልን እያሉ በደስታ ሲመለሱ ጌታ ደስታቸውን ወደ ሌላ ነገር፣ ስማቸው በሰማይ ወደ መጻፉ ያዞረዋል። የድል ሪፖርት ያኔም ይጣፍጥ ነበር ማለት ነው።

ከአገራችንም ኦኔሲሞስ ነሲብ አለ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው፣ ስዊድን ሄዶ የተማረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነስቶ መንገዱ አልሆን ብሎት ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ምንኩሉ ተመለሰ። በዛሬው የእሑድ መድረካችን ቢሆን ለእሱ የሚሆን አምስት ደቂቃ የሚገኝ አይመስለኝም። እሱ ግን ምንኩሉ ተቀምጦ ከትርጉም አጋሩ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠራ፤ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉ በሙሉ በኦሮምኛ ታተመ፤ ወለጋ የገባው በ1904 ነው።

ከመድረኩ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ የባሰ ነው። ቤተሰብ የናፈቀውን ሰው ማግኘት ይፈልጋል፤ የመጣው ሰው ግን ነገር ፈላጊ ሆኗል። የመዘምራን ልብስ ስንት እንደወጣበት ይጠይቃል። እናቱ ያቀረበችለትን ወጥ ትቶ «እዚያ እኮ በቀን አንዴ ነው የሚበላው» ይላል። እህቴ በሦስተኛው ቀን «ጁባ፣ ጁባ! እኛ ደግሞ እዚህ ምን ስንሆን ከረምን ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ ውጭ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ሲሄድ የገጠመው ግራ መጋባት አገሩ ሲገባ እንደገና እንደሚገጥመው ጽፈዋል። ሲሄድ ቢያንስ እንግዳ ነገር እንደሚያይ ያውቃል። ሲመለስ ግን ማንም አላስጠነቀቀውም፤ ቤቱ ነዋ!

ከሙያዬ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ይቆጨኛል። ከቆላ አገር ተመልሶ የሚያተኩሰው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ታይፎይድ» ወይም «ታይፈስ» ነው። ከተማችን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ አትዛመትባትም፤ ስለዚህ ባለሙያውም ቶሎ ወባን አያስባትም። ከጁባ ከተመለሱት አንዱ ልጅ ለአንድ ክሊኒክ የት እንደነበረ ሳይናገር ቀርቶ ያዘዙለትን አንቲባዮቲክ ሊገዛ ወደ እኔ መጣ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል። የወባ ደም ምርመራ እንዲያደርግ መለስኩት፤ ፋልሲፓረም ተገኘበት። ይህ የወባ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ወራት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። መከላከያው ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከተመለሱ በኋላም አራት ሳምንት ይዋጣል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። ካተኮሳችሁ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ገንዘቡንም ማንሳት ይገባል፤ እኛ ዘንድ አይወራም እንጂ። ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው ማዕበል ሆንዱራስን ከመታ በኋላ ቤት ሊሠሩ ከሰሜን አሜሪካ የሄዱ ቡድኖችን አጥንቶ ነበር። 2,000 ዶላር ገደማ የሚፈጀውን ቤት ለመሥራት አንዱ ቡድን ለጉዞው 30,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። የተመለሱትም ሰዎች ሕይወታችን ተለወጠ ያሉትን ያህል በስጦታቸውም ሆነ በጸሎታቸው ላይ ዘላቂ ለውጥ አልታየም። የእኛ ቡድኖች ሂሳብ ያንን ያህል አይደርስም፤ ቢሆንም የጁባን ትኬት ባየሁ ቁጥር ይህ ጥናት ይመጣብኛል። ወጪው ትርጉም የሚኖረው ሄዶ የመጣው ሰው ተለውጦ ከቀረ፣ የሄደበትም ሰው ካልተረሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም የሚወሰኑት ከተመለሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ በእኛ አጥቢያ አንዳንድ ነገር ለወጥን። የተመለሰ ቡድን በመጀመሪያው እሑድ መድረክ አይወጣም፤ ተኝቶ ይነሳ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ቤት እራት ላይ ሰዓት ሳይቆጠር ይወራል። ሽሮው ይቀዘቅዛል፣ ማንም ግድ የለውም። ፓምፑ አልሠራ ያለው ልጅ ሙሉ ታሪኩን የተናገረው እዚያ ነው፤ አንድ የቴክኒክ መምህር ሰምቶት የጎደለውን ጋስኬት ለይቶ በሚቀጥለው መንገደኛ ወደዚያ ላከው። የእኔን የኢታንግ እናት ታሪክም የሰሙልኝ እዚያ ነው።

የቀረን የስልኩ ነገር ነበር። እያንዳንዳችን ስንለይ ቁጥራችንን እንሰጣለን፤ ከዚያ በዋትስአፕ «መቼ ትመለሳላችሁ?»፣ «የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል» የሚል መልእክት ይጎርፋል። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ይመልሳል፣ በሦስተኛው ሁለት ሰው፣ በስድስተኛው ማንም። ከልጅነቴ ፈረንጆች የማንለይበት ቦታ ይህ ነው። አሁን የቡድኑ ስልክ አንድ ነው፤ ሲም ካርዱም የአጥቢያው ነው፤ ማንም በግሉ ቃል አይገባም። ስልኩን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ለመልእክቶቹ መልስ የሚሰጠው ሰው የሚመረጠው ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ዘንድሮ የተመረጠችው እህት ጉዞው ላይ የለችበትም፣ አየር ጤና ቁጭ ብላ ትመልሳለች።