አኻያ፦ ውኃ የማይለየው ዛፍ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ጊንጪ ይደርሳሉ። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ የሚገባው አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ አካባቢ ደጋ ነው። እንዲህ ባሉ የደጋ ወንዞች ዳር ቅርንጫፉ ወደ ውኃው ያዘነበለ፣ ቅጠሉ ቀጠን ረዘም ያለ ዛፍ ይበቅላል። በአማርኛ አኻያ፣ በኦሮምኛ አለልቱ ይባላል። ስሙን ሲሰሙ አህያ መስሏቸው የሚስቁ ልጆች አይፈረድባቸውም።

ብዙ ሰው ስሙን ከመዝሙረ ዳዊት ያውቀዋል። በባቢሎን ወንዞች ዳር ያለቀሱት ምርኮኞች መሰንቋቸውን የሰቀሉት በአኻያ ላይ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ያ ዛፍ የአኻያ ዘመድ የሆነው የኤፍራጥስ ፖፕላር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

የእኛ አኻያ ሳይንሳዊ ስሙ ሳሊክስ ሙክሮናታ ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ፒተር ቱንበርግ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1794 ነው። ሁለተኛው ቃል የቅጠሉን ሹል ጫፍ ይጠቁማል። ሳሊክስ የሚባለው ወገን 400 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም የሰሜኑ ብርዳም አገር ተወላጆች ናቸው። በግሪንላንድ ያለው የዋልታ አኻያ ንፋሱንና ውርጩን ለማምለጥ መሬት ላይ ተለጥፎ ያድጋል። ቁመቱ ከስንዝር እምብዛም አይዘልም፤ ይሁንና የግንዱ ቀለበቶች ሲቆጠሩ ከ200 ዓመት በላይ የኖረ ተገኝቷል። የእኛው እስከ 10 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ከብት ሲግጠውና ሰው ሲቆርጠው ግን ከሥር እያቆጠቆጠ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል።

ከወንዝ ዳር የማይርቅበት ምክንያት ከዘሩ ይጀምራል። የአኻያ ዘር እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥጥ የመሰለ ጸጉር ስላለው ንፋስ ይወስደዋል። እንደ ባቄላ ግን ስንቅ አልያዘም። በጥቂት ቀናት ውስጥ እርጥብና ባዶ ጭቃ ላይ ካላረፈ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ጭቃ በየዓመቱ የሚያዘጋጅለት ደግሞ ሞልቶ የሚጎድል ወንዝ ነው።

ሌላው ችሎታው ከቅርፊቱ ሥር ተሰውሯል። በግንዱ ውስጥ ያላደጉ የሥር እንቡጦች አስቀድመው ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው እርጥብ አፈር ውስጥ ቢተክሉት እነዚህ እንቡጦች ወደ ሥርነት ይለወጣሉ። ሥሮቹም እንደ መረብ እየተጠላለፉ የወንዙን ዳርቻ ይይዛሉ። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ በእንዲህ ያለ አፈር የብዙ ዛፎች ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል፤ አኻያ ግን ይቋቋመዋል። ለአጣና ሽያጭ ባሕር ዛፍን የሚያህል የለም፤ ጎርፍ ለሚሸረሽረው የጅረት ዳር ግን እኔ አኻያን እመርጣለሁ።

ቀጭን ቅርንጫፉ ለጥርስ መፋቂያ ይሆናል። የአኻያ ወገን ቅርፊት ምሬት ደግሞ ለዓለም ትልቅ ነገር አበርክቷል። እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የደረቀ የአኻያ ቅርፊት ዱቄት ትኩሳት እንደሚያበርድ ጽፎ አሳወቀ። በ1828 ዮሐን ቡክነር በጀርመን መራራውን ንጥረ ነገር ለይቶ ሳሊሲን አለው፤ ስሙ ከሳሊክስ የመጣ ነው። ከዚያ የተጀመረው ምርምር በ1897 በባየር ኩባንያ ወደ አስፕሪን አመራ።

አኻያን ለመትከል ያሰበ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ሁለቱ በአንድ ግንድ ላይ አይገኙም። ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ ችግኞች ሁሉ ጾታቸው እንደ እናታቸው ስለሆነ ዳርቻው በሙሉ ከአንድ ዛፍ ከተተከለ ዘር አይኖርም። ልዩነቱ የሚታወቀው በአበባ ጊዜ ነው። የሁለቱም አበባ ጅራት የመሰለ ዘለላ ነው። በእጅዎ ሲነኩት ቢጫ ብናኝ ጣትዎ ላይ ከቀረ ወንዴ ነው፤ ዘለላው ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ፍሬዎች ተደርድረው ኋላም ፈንድተው ነጭ ጥጥ ካወጡ ሴቴ ናት።