የኢጉዋዙ ፏፏቴና የቀይ አፈር ከተሞች

በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር ላይ የኢጉዋዙ ወንዝ ወደ 275 በሚጠጉ ፏፏቴዎች ተከፋፍሎ ይወርዳል። ገደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ «የሰይጣን ጉሮሮ» በሚባለው ስፍራ ውኃው 80 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል። ወንዙ የሚነሳው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም ሳይርቅ፣ ከኩሪቲባ ከተማ አጠገብ ነው፤ ነገር ግን ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ምዕራብ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከፓራና ወንዝ ጋር ይቀላቀላል።

ገደሉን የሠራው ቅልጥ አለት ነው። ከ130 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ደቡብ አሜሪካ ከአፍሪካ መላቀቅ በጀመረችበት ዘመን፣ ከተሰነጠቀው ምድር የወጣው ቅልጥ አለት እየተደራረበ ረግቶ ባሳልት ሆነ። ውኃው ብዙ ቦታ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው በዚህ ንብርብር የተነሳ ነው።

ሁለቱም አገሮች አካባቢውን ብሔራዊ ፓርክ አድርገውታል፤ አርጀንቲና በ1934፣ ብራዚል በ1939 እ.ኤ.አ.። በብራዚል በኩል የቆመ ሰው ፏፏቴዎቹን በሰፊው ተደርድረው ያያል። በአርጀንቲና በኩል ደግሞ በትንሽ ባቡር ተጉዞ፣ ወንዙ ላይ በተዘረጋ ድልድይ እስከ ሰይጣን ጉሮሮ አፋፍ ይደርሳል። ወንዙ ክፉኛ ሲሞላ ግን መረማመጃዎቹ ይዘጋሉ።

ብዙው ጎብኚ ይህን አይቶ ይመለሳል። ያው ባሳልት ግን ሌላም ሥራ ሠርቷል፦ በዝናብና በሙቀት በስብሶ የአርጀንቲናዋን ሚሲዮኔስ ክፍለ ሀገር ብረት የበዛበት ቀይ አፈር አልብሷታል። ይህ ምድር ከጥንት የጓራኒ ሕዝብ አገር ነው፤ በኋላም የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1767 እስኪባረሩ ድረስ ከጓራኒዎች ጋር የመሠረቷቸው መንደሮች ነበሩበት። የሳን ኢግናሲዮ ፍርስራሽ ዛሬም ይጎበኛል።

ከአውሮፓ የመጡት ገበሬዎች የተከተሉት መሬቱን ነው። በ1897 በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር ከነበረችው ጋሊሲያ የተነሱ ፖላንዳውያንና ዩክሬናውያን አፖስቶሌስ ሰፈሩ። ከፏፏቴው ወደ ደቡብ በሚወስደው 12 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ዋንዳ ትገኛለች፤ ፖላንዳውያን የሰፈሩባት ይህች ከተማ ባሳልቱ ሲረጋ የጋዝ አረፋ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ ያደገው ሐምራዊ አሜቴስጢኖስ ይወጣባታል። ከዋንዳ ወደ ደቡብ የምትገኘው ኤልዶራዶ በ1919 የተቆረቆረች ስትሆን፣ ጀርመናውያንና ዴንማርካውያን አቅንተዋታል። ስዊድናውያንን ጨምሮ የብዙ አገር ሰዎች የሰፈሩባት ኦቤራ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ትገኛለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ የስደተኞችን በዓል ታከብራለች፤ እያንዳንዱ ማኅበረሰብም በራሱ ቤት የአያቶቹን ምግብ ያቀርባል፣ ጭፈራውን ያሳያል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ማቴ ነው። ጓራኒዎች ቀድመው ያወቁትን ይህን ቅጠል ስደተኞቹ በቀዩ አፈር ላይ ተክለው ኑሯቸውን መሠረቱበት። ቅጠሉ በቅል ውስጥ ተደርጎ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፤ አንዱ እየቀዳ፣ ሌላው በብረት መምጠጫ እየሳበ፣ ቅሉ በዙር ይዞራል። እንግዳ የደረሰውን ጨርሶ ለቀጂው ይመልሳል። ሲመልስ ካመሰገነ ግን «በቃኝ» እንዳለ ይቆጠራልና፣ መድገም የሚፈልግ ምስጋናውን ለመጨረሻ ያቆየው።